ያለፈውን የማይረሳ ገበያ፦ ትውስታ ስላላቸው የዘፈቀደ ሂደቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት ስታትስቲክስ የተማሩ ወጣቶች፣ በባንክና በኢንሹራንስ የስጋት ክፍል የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም «ገበያውን የሚተነብይ ቁጥር ተገኘ» የሚል ነገር አንብበው የተጠራጠሩ ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘፈቀደ ሂደት «ትውስታ አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የዘፈቀደ ሂደት ማለት በጊዜ ውስጥ በዕድል የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ ለምሳሌ የገበያ ዋጋ። የነገው እርምጃ በዛሬው ሁኔታ ብቻ የማይወሰን ከሆነ፣ ሂደቱ እዚህ የደረሰበት መንገድም ድርሻ ካለው፣ ትውስታ አለው ይባላል። ሉዊ ባሽልዬ በ1900 ፓሪስ ላይ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የገበያ ዋጋን የገለጸበት ሂደት ትውስታ የለውም። በ1973 የወጣው፣ የኦፕሽንን (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውልን) ዋጋ የሚያሰላው የብላክና የሾልስ ቀመርም መሠረቱ ያው ነው። ዋጋው ትናንት ይውጣም ይውረድም፣ ለነገው ለውጥ ምንም ፍንጭ አይሰጥም። ይህ ግምት ለስሌት እጅግ ይመቻል፤ ሞዴሉ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘውም በአብዛኛው በምቾቱ ነው።

አጭር ትውስታና ረጅም ትውስታ በምን ይለያሉ?

በመርሳት ፍጥነት። አጭር ትውስታ ያለው ሂደት በየቀኑ ከቀረው ላይ የተወሰነ መቶኛ ይረሳል። የዛሬና የነገ ተዛምዶ (ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካ፣ ከ-1 እስከ 1 ያለ ቁጥር) 0.9 ከሆነ፣ በ10ኛው ቀን ወደ 0.35፣ በ50ኛው ቀን ወደ 0.005 ይወርዳል። በ100ኛው ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ረጅም ትውስታ ያለው ግን በቀናት ሳይሆን በእጥፍ ይቆጥራል። ርቀቱ አሥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ተዛምዶው፣ ለምሳሌ፣ ለአራት ብቻ ይካፈላል፤ ከ10 ወደ 100 ቀን ሲኬድ ለአራት፣ ከ100 ወደ 1,000 ሲኬድ እንደገና ለአራት። እያነሰ ይሄዳል እንጂ የሚያልቅበት ቀን የለውም። ሒሳበኞች ሁለቱን የሚለዩት ተዛምዶዎቹን ሁሉ በመደመር ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ድምሩ ውስን ነው፤ በሁለተኛው ወሰን የለውም። ከዚህ በታች የሚመጣው ጣጣ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ወሰን የለሽ ድምር ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ከገንዘብ ገበያ ነው?

አይደለም፤ ከዓባይ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት በ1906 ለአጭር ጊዜ ብሎ ግብፅ ገብቶ ከዕድሜው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከወንዙ ጋር አሳለፈ፤ ግብፃውያንም «አቡ ኒል»፣ የዓባይ አባት፣ አሉት። የሥራው ጥያቄ ተግባራዊ ነበር፦ ተከታታይ ደረቅ ዓመታትን ለማሻገር የውኃ ማጠራቀሚያው ምን ያህል ትልቅ መሆን አለበት? ለመልሱም ሌላ አገር የማይገኝ መረጃ ነበረው። ካይሮ፣ ሮዳ ደሴት ላይ ይለካ የነበረው የወንዙ ከፍታ መዝገብ ከ622 ይጀምራል። ከ622 እስከ 1284 ያሉት የ663 ዓመታት ዝቅተኛ ከፍታዎች ዛሬም የስታትስቲክስ ተማሪዎች መለማመጃ ናቸው።

ዓመታቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቢሆኑ ኖሮ፣ በተከማቸው ትርፍና በተከማቸው ጉድለት መካከል ያለው ርቀት በዓመታቱ ቁጥር ዳግም ዘር ልክ ያድግ ነበር፤ አርቢው 0.5 ይሆናል ማለት ነው። ኸርስት የዓባይን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ብዙ የተፈጥሮ መዝገቦች መርምሮ በ1951 ያሳተመው አማካይ ግን 0.73 አካባቢ ነበር። ጥሩ ዓመት ጥሩ ዓመትን ይጎትታል፤ ድርቅም ድርቅን። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ከተለመደው ስሌት በላይ መተለቅ አለበት።

መዝገቡ የተጻፈው ካይሮ ይሁን እንጂ በጎርፍ ወራት የሚታየው ከፍታ የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ማህተም ነው፤ በዚያ ወቅት ወንዙን የሚሞላው አብዛኛው ውኃ ከእኛው ተራሮች የሚወርድ ነውና። የበጋው ዝቅተኛ ከፍታ ይበልጡን የነጭ ዓባይ ነው። ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም። አንድ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ምንጮች እንዳሉት አለማስተዋል በገበያ መረጃ ላይም የሚደጋገም ስሕተት ነው።

ቤኑዋ ማንደልብሮት በ1968 ከጆን ቫን ኔስ ጋር የኸርስትን ግኝት የሒሳብ ልብስ አለበሰው፤ ክፍልፋያዊ የብራውን እንቅስቃሴ ተባለ፤ የብራውን እንቅስቃሴ የሚባለው ያ ባሽልዬ የተጠቀመበት ትውስታ የለሽ ሂደት ነው። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ በ1940 ሂደቱን ቀድሞ ገልጾት ነበር፤ ለገንዘብም ለውኃም ያሰበው ግን አልነበረም። በዚያው በ1968 ማንደልብሮት ከጄምስ ዎሊስ ጋር ሆኖ የዓመታቱን መሰባሰብ «የዮሴፍ ውጤት» ብሎ ሰየመው፤ በዘፍጥረት ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ሰባት የጥጋብና ሰባት የረኃብ ዓመታት። ድንገት የሚመጣውን የጥፋት ውኃ ደግሞ «የኖኅ ውጤት» አለው። ገበያ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

«ኤች» የሚባለው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

ኤች የኸርስት አርቢ ነው፤ በ0 እና በ1 መካከል ይገኛል። 0.5 ሲሆን ያለፈው ለወደፊቱ ምንም አይነግርም። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዞው በያዘው አቅጣጫ የመቀጠል ዝንባሌ አለው፤ ከዚያ በታች ሲሆን ወደኋላ የመመለስ።

አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት ይጠቅማል። በክፍልፋያዊ የብራውን እንቅስቃሴ ኤች 0.7 ከሆነ፣ ባለፈው ጊዜ በተደረገው ለውጥና በሚመጣው እኩል ጊዜ በሚደረገው ለውጥ መካከል ያለው ተዛምዶ 0.32 ነው። ያለፈውና የሚመጣው ሳምንት ቢሆን 0.32፤ ያለፈውና የሚመጣው አሥር ዓመት ቢሆንም 0.32። የጊዜው ርዝመት ምንም አይለውጥም። «ረጅም ጊዜ ብንጠብቅ ያለፈው ይረሳል» የሚለው ልማዳዊ መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

ታዲያ የአክሲዮን ዋጋ ኤች ከ0.5 በላይ ነው?

አቅጣጫውን ከሆነ የምንጠይቀው፣ አይመስልም። ቀደም ሲል አንዳንዶች በአክሲዮን ዋጋ ላይ ረጅም ትውስታ አገኘን ብለው ነበር። አንድሩ ሎ በ1991 የኸርስትን መለኪያ የአጭር ጊዜ ተዛምዶ እንዳያታልለው አድርጎ አስተካክሎ የአሜሪካን አክሲዮኖች እንደገና ሲፈትሽ፣ ማስረጃው በአብዛኛው ተነነ።

የመዋዠቁን መጠን ከሆነ የምንጠይቀው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዲንግ፣ ግሬንጀርና ኤንግል በ1993 የኤስ ኤንድ ፒ 500ን (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ መለኪያን) የየዕለት ለውጥ ከ1928 እስከ 1991 ወሰዱ፤ ከ17,000 ቀናት በላይ ማለት ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ትተው መጠኑን ብቻ ሲያዩ፣ በቀናቱ መካከል ያለው ተዛምዶ እስከ 2,700 የገበያ ቀናት ድረስ ከዜሮ በላይ ሆኖ ቆየ። ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ማንደልብሮት ራሱ በ1963 የጥጥ ዋጋን ሲያጠና ትልቅ ለውጥ ትልቅ ለውጥን እንደሚያስከትል፣ አቅጣጫው ግን ወዲያም ወዲህም ሊሆን እንደሚችል አስተውሎ ነበር። ገበያው ወዴት እንደሄደ ቶሎ ይረሳል፤ ምን ያህል እንደተናወጠ ግን ለዓመታት ይዞ ይቆያል።

ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። ነገ ዋጋው እንደሚጨምር በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ዛሬውኑ ይገዛል፤ በዚያው ዋጋው ዛሬ ይጨምርና እውቀቱ ይከስማል። ነገ ገበያው እንደሚናወጥ ማወቅ ግን ልግዛ ወይስ ልሽጥ የሚለውን አይመልስም።

የዋጋው ኤች 0.7 ቢሆን ኖሮ ያለ ስጋት ማትረፍ ይቻል ነበር?

በወረቀት ላይ፣ አዎ። ሮጀርስ በ1997 እንዳሳየው ዋጋው ክፍልፋያዊ የብራውን እንቅስቃሴን የሚከተልና ኤች ከ0.5 የተለየ ከሆነ አርቢትራጅ፣ ማለትም ያለ ስጋት የሚገኝ ትርፍ፣ ይፈጠራል። ዴልቤንና ሻከርማየር በ1994 ካረጋገጡት ጋርም ይስማማል፤ እንዲህ ዓይነት ትርፍ የማይፈቅድ ገበያ ዋጋው «ሰሚማርቲንጌል» በሚባለው የሂደቶች ቤተሰብ ውስጥ መሆን አለበት፤ ክፍልፋያዊው ሂደት ደግሞ ከ0.5 ውጭ የዚያ ቤተሰብ አባል አይደለም።

ነገር ግን ትርፉን ለመሰብሰብ በማይቋረጥ ፍጥነት መግዛትና መሸጥ ያስፈልጋል። ቼሪዲቶ በ2003 በሁለት ግብይቶች መካከል ትንሽ የግዴታ ቆይታ ካለ ትርፉ እንደሚጠፋ አሳየ። ጓሶኒ በ2006 ደግሞ ትንሽ የግብይት ወጪ ብቻ እንደሚበቃ አረጋገጠ። በዚህ መስክ ካሉት ውጤቶች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ነጋዴው የሚያማርረው ኮሚሽን ሞዴሉን ከውድቀት ያዳነበት ቦታ ነውና።

በረጅም ጊዜስ? አማካዩ ይረጋጋል ወይ?

ይረጋጋል፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ። ከሁሉም ጥያቄዎች ከባዱ ይህ ይመስለኛል።

የሂደቱ ጠባይ በጊዜ የማይለወጥ ከሆነና ኤች ከ1 በታች ከሆነ፣ ከረጅም መዝገብ የሚሰላው አማካይ ወደ እውነተኛው አማካይ ይጠጋል። የሚለያየው የመጠጋቱ ፍጥነት ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቀናት ላይ የአማካዩን ስሕተት በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መረጃ ይበቃል። ኤች 0.7 ሲሆን አሥር እጥፍ ያስፈልጋል። 0.8 ሲሆን 32 እጥፍ። 0.9 ሲሆን 1,024 እጥፍ።

በሌላ በኩል እንየው። 10,000 የገበያ ቀናት ወደ 40 ዓመት ይጠጋሉ። ኤች 0.7 ከሆነ እነዚህ 10,000 ቀናት ስለ አማካዩ የሚነግሩን 251 ነፃ (እርስ በርስ የማይተዋወቁ) ቀናት የሚነግሩንን ያህል ነው። ኤች 0.8 ከሆነ 40 ነፃ ቀናት ያህል፤ በዓመት አንድ ቀን መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይህን አያውቅም። በ10,000 ዳግም ዘር አካፍሎ ያማረ ጠባብ የስሕተት ወሰን ያወጣል፤ ሪፖርቱም በዚያው ይጸድቃል። «የረጅም ጊዜ የመዋዠቅ መጠን» የሚለው ቁጥር በብዙ የስጋት ሞዴሎች ውስጥ እንደ ቋሚ ይገባል፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ ግን በጥቂቱ የምናውቀው እሱን ነው።

«ወደ አማካይ የሚስብ ኃይል ሞዴሉ ውስጥ ካስገባን ትውስታው ይጠፋል» የሚል ተስፋም አለ። አይጠፋም። ቼሪዲቶ፣ ካዋጉቺና ማኤጂማ በ2003 ያጠኑት ወደ አማካይ የሚመለስ ክፍልፋያዊ ሂደት የሚስበው ኃይል ፈጣን ቢሆንም ተዛምዶው በዚያው በዝግታ ይከስማል፤ ትውስታው ያለው በሚስበው ኃይል ውስጥ ሳይሆን በሚገፋው ሁከት ውስጥ ነውና። ማርቲን ሃይረር በ2005 ለእንዲህ ዓይነት እኩልታዎች አንድ ብቸኛ የረጅም ጊዜ እርጋታ እንዳለ፣ ከየትም ቢነሡ ወደዚያው እንደሚደረስ አረጋገጠ። መድረሻው አንድ መሆኑ ያጽናናል፤ መንገዱ ግን ከተለመደው እጅግ ይረዝማል።

ድምሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የደወል ቅርፅም (ኖርማል ስርጭት) ዋስትና የለውም። ለምሳሌ የካሬዎች ድምር ስንወስድ ኤች ከ0.75 ካለፈ ውጤቱ ወደ ኖርማል ስርጭት ሳይሆን ወደ ሮዘንብላት ስርጭት ያመራል። የሙራድ ታቁ የ1970ዎቹ ሥራዎች ይህንን ነው ያብራሩት።

ባንኮች የአንድ ቀን ስጋትን በ10 ዳግም ዘር የሚያባዙት ትክክል ነው?

ለባንኮች ዓለም አቀፍ የቁጥጥር ደንብ የሚያወጣው የባዝል ኮሚቴ በ1996 ባወጣው የገበያ ስጋት ደንብ የአሥር ቀን ስጋትን ከአንድ ቀኑ በዚህ መንገድ ማስላትን ፈቅዶ ነበር፤ ማባዣው 3.16 ነው። ኤች 0.6 ቢሆን 3.98 መሆን ነበረበት። ለአንድ ዓመት፣ 250 የገበያ ቀናት ብንል፣ 15.8 የነበረው 27.5 ይሆናል።

ነገር ግን የዋጋው አቅጣጫ ኤች 0.5 አካባቢ ነው ብለናል፤ ስለዚህ ደንቡ በአማካይ መጥፎ አይደለም። የሚሳሳተው መነሻው ላይ ነው። በጥቅምት 19 ቀን 1987 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ። የዚያን ሳምንት መዋዠቅ በ15.8 አባዝቶ የዓመት ስጋት ነው ማለት ያጋንናል፤ ለረጅም ጊዜ የተረጋጋ ገበያ ላይ ተመሥርቶ ማባዛት ደግሞ ያሳንሳል።

ጋርች ሞዴል ትውስታ አለው አይደል? ለምን አይበቃም?

ጋርች የነገን መዋዠቅ ካለፉት ቀናት መዋዠቅ የሚገምት ሞዴል ነው፤ ለአጭር ጊዜ ይበቃል። መርሳቱ ግን በመቶኛ ነው። በ1990ዎቹ ጄ ፒ ሞርጋን ያስፋፋው የሪስክሜትሪክስ ዘዴ፣ የጋርች ቅርብ ዘመድ፣ የዕለት ማባዣው 0.94 ነበር፤ የአንድ ቀን ክብደት በ11 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ማባዣው 0.99 ቢደረግ እንኳ ግማሹ በ69 ቀን ይሄዳል። አሥር ዓመት ከሚቆየው ጋር አይገናኝም።

«መዋዠቅ ሻካራ ነው፣ ኤች 0.1 ነው» የሚባለውስ? ከረጅም ትውስታ ጋር አይጋጭም?

ሻካራ የሚባለው በቅርብ ሲታይ ያለ ዕረፍት ወደላይ ወደታች የሚንቀጠቀጥ መስመር ነው። ጋትራል፣ ዤሶንና ሮዘንባውም በ2014 ይፋ ያደረጉት፣ በ2018 የታተመው ጥናት የመዋዠቅ ሎጋሪዝም ኤች 0.1 አካባቢ እንዳለው አሳየ። በዚህ ቁጥር ያለፈውና የሚመጣው ለውጥ በ0.43 ያህል በተቃራኒው ይዛመዳሉ። ከዚያ በፊት፣ በ1998፣ ኮምትና ሬኖ ለዚያው ነገር ከ0.5 በላይ የሆነ ኤች አቅርበው ነበር።

ግጭቱ የሚመጣው አንድ ቁጥር ሁለት ሥራ ስለተሰጠው ነው። በክፍልፋያዊው ሂደት ኤች በደቂቃዎች ደረጃ ያለውን ሻካራነትም፣ በዓመታት ደረጃ ያለውን ትውስታም በአንዴ ይወስናል። ግናይቲንግና ሽላተር በ2004 እንዳሳዩት ግን ሁለቱ መለያየት ይችላሉ፤ አንድ ሂደት በቅርብ ሲታይ ሻካራ፣ በሩቅ ሲታይ የማይረሳ ሊሆን ይችላል። ራማ ኮንትና ፑርባ ዳስ ደግሞ መዋዠቅ በቀጥታ የማይታይ፣ ከዋጋ የሚገመት መሆኑን አስታውሰው፣ የግምቱ ስሕተት ብቻውን ለስላሳውን ሻካራ ሊያስመስል እንደሚችል አሳዩ። ሻካራው ሞዴል የአጭር ጊዜ ኦፕሽኖችን ዋጋ በሚገባ ይገልጻል፤ ስለ ሩቁ ጊዜ የሚለውን ግን እኔ በጥንቃቄ ነው የማነበው።

ትውስታው ከየት ይመጣል?

ቢያንስ አንዱ ምንጭ ይታወቃል። ሊሎና ፋርመር የለንደንን፣ ቡሾና ባልደረቦቹ የፓሪስን ገበያ መርምረው በ2004 እንዳሳዩት፣ የግዢና የሽያጭ ትእዛዞች ቅደም ተከተል ረጅም ትውስታ አለው። አንድ የጡረታ ፈንድ ብዙ አክሲዮን ሲፈልግ በአንዴ ቢያዝ ዋጋውን በራሱ ላይ ያስወድዳል፤ ስለዚህ ትእዛዙን ሸንሽኖ ለቀናት ያስገባል። ግዢ ግዢን የሚከተለው ለዚህ ነው።

ሌላው መንገድ አለን ሆክስ በ1971 ያቀረበው ሂደት ነው። እያንዳንዱ ክስተት ሌሎች ክስተቶችን ይወልዳል። አንዱ በአማካይ 0.9 ልጅ ቢወልድ፣ የዘር ሐረጉ ሁሉ ተደምሮ 10 ይሆናል፤ 0.99 ቢወልድ 100፤ 1 ሲደርስ መረጋጋት የለም። ዤሶንና ሮዘንባውም እንዳረጋገጡት ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋና የመውለጃ ጊዜው ሲረዝም፣ ከሩቅ ሲታይ የሚወጣው ያው ሻካራ መዋዠቅ ነው።

የብርን ምንዛሪ ብለካ ኤች ወደ 1 ይጠጋል። ብር ትውስታ አለው ማለት ነው?

አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ አለው ማለት ነው። ብር እስከ ጥቅምት 1992 ድረስ ለረጅም ዓመታት በ2.07 ለአንድ ዶላር ቆመ፤ ከዚያ በአንዴ 5 ሆነ። በ2017 በ15 በመቶ ተቀነሰ፤ ሐምሌ 29 ቀን 2024 ደግሞ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። እንዲህ ያለ ደረጃ ደረጃ የሠራ መስመር ማንኛውንም የኸርስት መለኪያ ያታልላል። ብሃታቻሪያ፣ ጉፕታና ዌይማየር በ1983 ትንሽ አዝማሚያ ብቻ የኸርስትን ውጤት ሊያስመስል እንደሚችል አረጋገጡ፤ ዲቦልድና ኢኑዌ በ2001 አልፎ አልፎ የሚቀያየር ሥርዓትም እንዲሁ እንደሚያደርግ አሳዩ። መለኪያው «ይህ ትውስታ ነው» ወይም «ይህ የፖሊሲ ለውጥ ነው» ብሎ አይለይም፤ የሚለየው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም ሥራ የጀመረው በጥር 2025 ነው። ኤች 0.8 ቢሆን የ250 ቀናት መዝገብ ዘጠኝ ነፃ ቀናት ያህል ብቻ ይመዝናል። እዚያ ላይ ስለ ረጅም ትውስታ ማውራት ገና ነው።

በራሴ ኮምፒውተር ልለካ ብልስ?

ይለኩ፤ ግን መጀመሪያ መረጃውን በዘፈቀደ በውዘው ያንኑ ስሌት ብዙ ጊዜ ይድገሙት። መበወዝ ትውስታን ሁሉ ያጠፋል፤ ሆኖም የኸርስት መለኪያ በአጭር መረጃ ላይ ለተበወዘውም ከ0.5 በላይ የመስጠት ጠባይ አለው። የእርስዎ መነሻ 0.5 ሳይሆን ያ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ለምሳሌ በ20 ቀን ክፍል ከፋፍለው በየክፍሉ ውስጥ የቀናቱን ቅደም ተከተል ሳይነኩ ክፍሎቹን ብቻ ይበውዙ፤ አጭሩ ትውስታ በአብዛኛው ይቀራል፣ ረጅሙ ይሄዳል። ውጤቱ ካልተለወጠ ያገኙት ረጅም ትውስታ አልነበረም።

በመጨረሻም መረጃውን መሐል ላይ ቆርጠው ሁለቱን ለየብቻ ይለኩ። የመጀመሪያው ግማሽ 0.62፣ ሁለተኛው 0.81 ቢሰጥ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው አማካያቸው 0.715 ሳይሆን ሁለቱም ቁጥሮች ናቸው፤ አጠገባቸውም በመሐሉ ምን እንደተፈጠረ።